የስልክ ቺፕ እርማት ከሠሪው እጅ እስከ ባለቤቱ ኪስ

በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በኦክቶበር ወር፣ ቲ-ሞባይል የተባለው የቴሌ ኩባንያ ጂ-ዋን የተሰኘውንና በአንድሮይድ የሚሠራውን የመጀመሪያ ስልክ በአሜሪካ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ገዢው በመዳፉ የያዘው የአንድ ባለሙያ ሥራ ቢመስለውም ዕቃው በእውነት የአራት ባለቤቶች ነበር፤ ሥርዐተ ክወናውን ያዘጋጀው ጉግል፣ ቀፎውን የሠራው የታይዋኑ ኤችቲሲ፣ በውስጡ ያለውን ቺፕ የነደፈው የሳን ዲዬጎው ኳልኮም፣ መስመሩን ዘርግቶ ስልኩን በስሙ የሸጠው ደግሞ ራሱ ቲ-ሞባይል ነበሩና። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው፣ ዓመቶቹም ሁሉ በዚሁ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተቈጠሩት ታሪክ፣ ከዚህ የአራት እጅ አሠራር የመነጨ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የወጣው የአፕል አይፎን በሌላ ሥርዐት የተወለደ ነበር፤ ስልኩንም ሥርዐተ ክወናውንም የሚያዝበት አንድ ኩባንያ ስለ ነበረ፣ እርማት ባስፈለገ ጊዜ ባለቤቱ ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ይቀበል ነበር፤ ከኦክቶበር 2011 ጀምሮም ገመዱ ቀርቶ እርማቱ በአየር ይደርሰው ጀመር።

ቺፕ የምንለው ነገር በተራ ንግግር አንዲት ብልት ይመስለናል፤ ነገር ግን ጥፍር በምታህለው በዚያች ሲሊከን ውስጥ ዋናው ፕሮሰሰር፣ ምስልን የሚሥለው ጂፒዩ፣ ድምፅንና ፎቶግራፍን የሚያሰላው ዲኤስፒ፣ ከአንቴናው ማማ ጋር የሚነጋገረው ሞደም ተሰብስበው ይኖራሉ፤ ዋይፋይና ብሉቱዝም ብዙ ጊዜ ከጎኗ በተተከለች በሌላ ቺፕ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም ክፍል የሚመራበት የራሱ ፈርምዌር፣ ማለት ከዕቃው ጋር የተጻፈለት ትእዛዝ አለው። ቺፕ ሠሪው አዲስ ቺፕ ባወጣ ቍጥር የአንድሮይድ እምብርት የሆነውን የሊኑክስን ከርነል አንድ ቅጂ ወስዶ፣ ከርነሉ የቺፑን ክፍሎች የሚያዝባቸውን ድራይቨሮች ጨምሮበት፣ ምሥጢራዊውንም ፈርምዌር አያይዞ ለስልክ ሠሪው ያስረክባል፤ ስልክ ሠሪው በፈንታው የካሜራውንና የገጽታውን ፕሮግራም ይጨምርበታል፤ የቴሌ ኩባንያውም በመስመሩ ላይ ይፈትነዋል። ስለዚህ ከሥር፣ በቺፑ ድራይቨር ወይም ፈርምዌር ውስጥ፣ ሕፀፅ የተገኘ እንደ ሆነ እርማቱ ይህንኑ መንገድ እንደ ገና ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው መጓዝ ይኖርበታል። ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያነሣሣኝም፣ እርማቱ ከተሠራ በኋላ በመንገድ ላይ የሚባክነው ጊዜ እርማቱን ለመሥራት ከፈጀው ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ መሆኑና፣ የዚህም መዘግየት ዕዳ ርካሹን ስልክ በገዛው ሰው ትከሻ ላይ መውደቁ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዚህ ነገር አብዝቶ የተጨነቀ አልነበረም። በሜይ 2011 ጉግል ታላላቆቹን ስልክ ሠሪዎችና የቴሌ ኩባንያዎች አሰባስቦ፣ አዲስ ስልክ ከወጣበት ቀን አንሥቶ እስከ 18 ወር ድረስ ዕድሳት እንዲያገኝ ቃል አስገብቷቸው ነበር፤ ቃሉ ግን የሚጠብቀው ሥርዐትም የሚጠይቀው ዳኛም ስላልነበረው ብዙ ሳይቈይ ተረሳ።

ሁሉን ከእንቅልፍ የቀሰቀሰው የ2015 ነገር ነው። በዚያ ዓመት በጁላይ ወር ዚምፔሪየም በተባለው የደኅንነት ኩባንያ የሚሠራው ጆሹዋ ድሬክ፣ ስቴጅፍራይት በሚባለው የአንድሮይድ የቪዲዮ ማንበቢያ ክፍል ውስጥ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ በኤምኤምኤስ በሚላክ አንድ መልእክት ብቻ ስልክን ለመውረር የሚያስችል ክፍተት መኖሩን ገለጠ፤ ኩባንያውም አደጋው የሚነካቸውን ስልኮች 950 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገመታቸው። ክፍተቱ የቺፕ አልነበረም፤ ነገር ግን እርማቱ ለእነዚያ ሁሉ ስልኮች እንዴት ይድረስ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አጣ፤ የሚያደርስ የተዘረጋ መንገድ አልነበረምና። በኦገስት መጀመሪያ ጉግል ኔክሰስ ለተባሉት ስልኮቹ በየወሩ የደኅንነት እርማት እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ሳምሰንግና ኤልጂም ይህንኑ ተከትለው ቃል ገቡ።

በጁላይ 2016 በዚህ የየወሩ ሥርዐት ላይ አንድ ታላቅ ለውጥ ተጨመረ፤ የየወሩ እርማት በሁለት ቀን እንዲከፈል ተደረገ። በወሩ መባቻ፣ ማለት በ1ኛው ቀን የተጻፈው፣ ለአንድሮይድ ሥርዐተ ክወና የወል የሆነውን እርማት ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ በ5ኛው ቀን የተጻፈው ከዚያ በላይ የከርነሉን፣ የድራይቨሮቹንና የቺፕ ሠሪዎቹን እርማት ሁሉ የሚያጠቃልል ሆነ። ይህ አከፋፈል ለአንባቢ ጥቃቅን የጽሕፈት ቤት ጕዳይ ሊመስለው ይችላል፤ ለእኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከተደረጉት ቅን ነገሮች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም የቺፑ እርማት ከሌላው እንደሚዘገይ በይፋ ያመነና፣ የስልኩ ባለቤት በአንዲት ቍጥር አይቶ እንዲያውቀው ያደረገ እርሱ ነውና።

የእርማቱ ጕዞም በዚያ ዘመን እንደሚከተለው ተደላደለ። ሕፀፁን ያገኘው መርማሪ ለቺፕ ሠሪው በምሥጢር ያመለክታል፤ ቺፕ ሠሪው እርማቱን ጽፎ፣ ፈትኖ፣ ቺፑን ለሚገዙት ስልክ ሠሪዎች ገና ለሕዝብ ሳይገለጥ ያድላል፤ ጉግልም በበኩሉ የየወሩን የደኅንነት መግለጫ ከማውጣቱ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ለስልክ ሠሪዎቹ ያስታውቃል። ስልክ ሠሪው ከዚያ በኋላ እርማቱን ለእያንዳንዱ የስልክ ዐይነት ለየብቻ ማስማማት አለበት፤ አንድ ኩባንያ በገበያ ላይ ሠላሳ ወይም አርባ ዐይነት ስልክ ቢኖረው ሥራው ሠላሳ ወይም አርባ ጊዜ ይደገማልና፣ በርካሽ ዋጋ የተሸጠው ስልክ በሰልፉ መጨረሻ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የተስማማው እርማት በኩባንያው ምሥጢራዊ ቍልፍ ዲጂታል ማኅተም ይታተምበታል፤ ስልኩ ይህን ማኅተም መርምሮ የሠሪው መሆኑን ሳያረጋግጥ ምንም አይቀበልምና፣ ሌባ በእርማት ስም የራሱን መርዝ እንዳያስገባ የሚከለክለው ይኸው ነው። በመጨረሻም እርማቱ በአንድ ቀን ለሁሉ አይለቀቅም፤ አስቀድሞ ለጥቂቶች ተልኮ ጕዳት አለማድረሱ ከታየ በኋላ ለብዙዎች ይበተናል። በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7 ደግሞ ሁለት ማኅደር ያለው አሠራር አመጣ፤ ስልኩ በአንዱ እየሠራ ሳለ እርማቱ በሁለተኛው ላይ ይጻፋል፤ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወደ አዲሱ ይሻገራል፤ አዲሱ አልነሣም ቢል ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ሥርዐቱ ገና ሳይጠና ፈተና መጣበት። በኦገስት 2016 በላስ ቬጋስ በተደረገው ዴፍ ኮን በተባለው የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ቼክ ፖይንት የተሰኘው ኩባንያ ኳድሩተር ብሎ የሰየማቸውን አራት የኳልኮም ድራይቨር ክፍተቶች ገለጠ፤ የሚነኩትም 900 ሚሊዮን ስልኮች እንደሚሆኑ ተነገረ። ኳልኮም አራቱንም ከአፕሪል እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ አርሞ ለደንበኞቹ አስረክቦ ነበር፤ ሆኖም ክፍተቱ በአደባባይ በተነገረበት ዕለት በጉግል የወር እርማት ውስጥ የገቡት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ አራተኛው የሚቀጥለውን ወር ይጠብቅ ነበር።

በ2017 ጭንቀቱ ከዋናው ቺፕ ወደ ጎረቤቱ ተሻገረ። በጉግል ውስጥ ፕሮጀክት ዚሮ በሚባለው የመርማሪዎች ጓድ ይሠራ የነበረው ጋል ቤኒያሚኒ፣ በብሮድኮም ኩባንያ የዋይፋይ ቺፕ ውስጥ ባለው ፈርምዌር በኩል፣ በአካባቢው ያለ ሰው በአየር ብቻ ስልክን ሊወርር እንደሚችል በአፕሪል ወር በረጅም ሐተታ አሳየ፤ በጁላይም ኒታይ አርተንስታይን ብሮድፖን ያለውን ሌላ ክፍተት በዚያው የቺፕ ዘር ላይ ገለጠ። የነገሩ ዕፁብነት አንድ ቺፕ በአይፎንም፣ በሳምሰንግም፣ በኔክሰስም ውስጥ መገኘቱ ነው፤ ጠላትነት በገበያ ያላቸው ኩባንያዎች በአንድ ሕፀፅ ተካፋዮች ሆነው ተገኙ። አፕል የመጀመሪያውን ክፍተት እርማት በአፕሪል 3፣ የሁለተኛውን በጁላይ 19 ለስልኮቹ ላከ፤ በአንድሮይድ ወገን ግን እርማቱ በወሩ መግለጫ ላይ ከሠፈረ በኋላ እያንዳንዱ ስልክ ሠሪ በራሱ ጊዜና በራሱ ፈቃድ ተጓዘበት።

ጉግል በዚያው ዓመት ፕሮጀክት ትሬብል የተባለውን አሠራር አወጀ፤ ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ የቺፕ ሠሪው ክፍልና የሥርዐተ ክወናው ክፍል በመካከላቸው የጸና ድንበር ተበጅቶላቸው፣ አንዱ ሲታደስ ሌላው እንዳይናጋ ተደረገ። ይህ በእውነት መልካም ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ያቀለለው የሥርዐተ ክወናውን ዕድሳት እንጂ የቺፑን እርማት አይደለም፤ የቺፑ ክፍል ያው ከቺፕ ሠሪው እጅ እስኪመጣ የሚጠበቅ ሆኖ ቀረ።

በአፕሪል 2018 ከዚህ ሁሉ የከፋ ነገር ተሰማ። የበርሊን ሰዎች የሆኑት ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል በ1,200 ስልኮች ላይ ያደረጉትን ምርመራ በአምስተርዳም ጉባኤ ሲያቀርቡ፣ አንዳንድ ስልኮች እርማቱን ሳይቀበሉ እንደ ተቀበሉ የሚናገር ቀን በገጻቸው ላይ እንደሚያሳዩ አረጋገጡ። ልዩነቱም ከቺፑ ሠሪ ጋር የሚሄድ ነበር፤ የሳምሰንግ ቺፕ ባላቸው ስልኮች ላይ በአማካይ የጐደለው እርማት ከአንድ ያነሰ ሲሆን፣ በርካሾቹ ስልኮች ውስጥ በብዛት በሚገኘው በታይዋኑ ሜዲያቴክ ቺፕ ግን 9.7 ደረሰ። ከመዘግየትም ይልቅ ይህ ያሳዝናል፤ እርማቱ መዘግየቱን ያየ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል፤ ሐሰተኛ ቀን የተጻፈበት ስልክ ግን ባለቤቱን በሰላም ያስተኛዋል።

የሜዲያቴክ ነገር ከተነሣ፣ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚነካው ታሪክ የሚከተለው ነው። በ2019 መጀመሪያ፣ በአማዞን ርካሽ ታብሌት ላይ ሙሉ ሥልጣን ለማግኘት የሚፈልጉ ሰዎች የሚጠቀሙበት አንድ አነስተኛ መሣሪያ በኢንተርኔት ተሠራጨ፤ ብዙም ሳይቈይ መሣሪያው ለታብሌቱ ብቻ ሳይሆን ለሜዲያቴክ ባለ 64 ቢት ቺፖች ለብዙዎቹ እንደሚሠራ ታወቀ። ክፍተቱ ትእዛዞችን በተራ በሚያሰልፈው የቺፑ ድራይቨር ውስጥ ነበር፤ ማንኛውም ተራ አፕሊኬሽን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በስልኩ ላይ የበላይ ጌታ ሊሆንበት ይችል ነበር። ሜዲያቴክ እርማቱን በሜይ 2019 ሠርቶ አስረከበ። ነገር ግን የማስረከብ እንጂ የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውምና፣ ብዙዎቹ ስልክ ሠሪዎች እርማቱን በእጃቸው ይዘው ዝም አሉ። በጃንዋሪ 2020 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው ኩባንያ፣ በጉግል የአፕሊኬሽን መደብር ውስጥ ተሰውረው በዚሁ ክፍተት የሚገቡ የስለላ ፕሮግራሞች ማግኘቱን አስታወቀ፤ እርማቱ በጉግል የወር መግለጫ ውስጥ የሠፈረው ግን በማርች 2020፣ ማለት ከተሠራ ከአሥር ወር በኋላ ነው። አሥር ወር ሙሉ መድኀኒቱ ነበረ፤ ሕመምተኛው ግን አልደረሰውም።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ቴክኖ የሚባለውን ስልክ የሚያወጣው የሼንዘኑ ትራንሽን ኩባንያ ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ መገጣጠሚያ አቁሞ የአማርኛ ፊደል ያለበትን ስልክ ሲሸጥ ኖሯል፤ ከቴክኖ ስልኮችም ብዙዎቹ በሜዲያቴክ ቺፕ ይሠራሉ። በስልክ ገንዘብ የሚላላክ፣ በስልክ ደመወዙን የሚቀበል፣ በስልክ ሐዋላውን የሚጠብቅ ሕዝብ፣ የቺፑ እርማት በታይዋንና በሼንዘን መካከል ሲዘገይ የራሱ የቤት በር ያለ መዝጊያ ማደሩን ማወቅ ይገባዋል።

በዚያው በ2019፣ በሴፕቴምበር ወር፣ የአፕልንም ሥርዐት ያስደነገጠ ነገር ተገልጦ ነበር፤ ቼክሜት የተባለው ክፍተት የተገኘው ቺፑ በፋብሪካ ሲታተም አብሮት በታተመውና ከቶ በማይለወጠው የመነሻ ትእዛዝ ውስጥ ነውና፣ ከኤ5 እስከ ኤ11 ያሉትን ቺፖች የያዙ አይፎኖች ሁሉ ስልኩን በእጁ ለያዘ ሰው ለዘለዓለም ክፍት ሆነው ቀሩ። መንገድ የቱንም ያህል ቢቀና፣ እርማት የማይደርስበት የቺፕ ክፍልም አለ።

የእርማት ዘመኑን ርዝመት የሚወስነው ቺፕ ሠሪው መሆኑን ግን ከሁሉ ይልቅ ያስረዳው የአንዲት ትንሽ የኔዘርላንድ ኩባንያ ተጋድሎ ነው። ፌርፎን በ2015 መጨረሻ ሁለተኛ ስልኩን በኳልኮም ስናፕድራጎን 801 ቺፕ ሠርቶ ለረጅም ዘመን እንዲያገለግል አስቦ ሸጠ፤ ኳልኮም ግን ለዚያ ቺፕ ከአንድሮይድ 6 በላይ ድጋፍ መስጠቱን አቆመ። ሌላው ኩባንያ ሁሉ በዚህ ጊዜ ስልኩን ይተወዋል፤ የፌርፎን መሐንዲሶች ግን ያለ ቺፕ ሠሪው እርዳታ ሥርዐተ ክወናውን በድካም እያስማሙ ወደ አንድሮይድ 7፣ ኋላም ወደ 9ና ወደ 10 አሻገሩት፤ እስከ ማርች 2023 ድረስም፣ ማለት ሰባት ዓመት ያህል፣ ስልኩን ጠበቁት። ስማቸው ገናና ካልሆኑ ጥቂት ሠራተኞች ይህ ከተገኘ፣ ሀብታሞቹ ኩባንያዎች አይቻልም ሲሉ የኖሩት ፈቃድ ስላጡ እንጂ ዐቅም ስላጡ አልነበረም።

በ2022 ደግሞ የመንገዱ ጠባይ በመርማሪዎቹ በራሳቸው ዓይን ፊት ታየ። የፕሮጀክት ዚሮው ያን ሆርን፣ የእንግሊዙ አርም ኩባንያ በሚነድፈው ማሊ በተባለው ጂፒዩ ድራይቨር ውስጥ አምስት ክፍተቶች አግኝቶ አመለከተ፤ አርም በጁላይና በኦገስት አርሞ እርማቱን በይፋ አወጣ። በኖቬምበር ወር ጓዶቹ ስልኮችን ሲፈትሹ ግን የሳምሰንግም፣ የሺያኦሚም፣ የኦፖም፣ ይባስ ብሎ የጉግል የራሱ ፒክስልም ሳይታረሙ ተገኙ። በአንድ ገዳም ያለው እናት መጽሐፍ ቢታረም ከእርሱ የተገለበጡት ብራናዎች በየደብሩ ከነስሕተታቸው እንደሚነበቡ፣ የአርም እርማትም በምንጩ ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። በዚህ ላይ ደግሞ በይፋ የወጣ እርማት ስሕተቱ የት እንደ ነበረ ለሚፈልግ ሁሉ ስለሚያሳይ፣ ያልታረመው ስልክ ከቀድሞው ይልቅ ለአደጋ ይጋለጣል።

በማርች 2023 ያው ጓድ በሳምሰንግ ኤክሲኖስ ሞደሞች ውስጥ 18 ክፍተቶች ማግኘቱን ሲያስታውቅ፣ ከእነዚህ አራቱ የሰውየውን ስልክ ቍጥር ከማወቅ በቀር ሌላ የማይፈልጉ ነበሩ። ጓዱ የሚያገኘውን ሁሉ ጊዜው ሲደርስ በይፋ የመግለጥ ልማድ ነበረው፤ የእነዚህን የአራቱን ዝርዝር ግን አደጋውን አይቶ በልዩ ውሳኔ ደበቀው። ጉግል ለራሱ ስልኮች በዚያው ወር እርማት ሰጠ፤ ለቀሩት የተሰጠው ምክር እርማቱ እስኪደርስ በዋይፋይ መደወልንና ቮልቴ የተባለውን በኤልቲኢ መስመር መደወልን አጥፍቶ መጠበቅ ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ከስንት ባለስልክ ጆሮ ሊደርስ ይችል ነበር?

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚመስል በ2024 ታየ። በኦክቶበር ወር ኳልኮም በዲኤስፒው ድራይቨር ውስጥ የነበረና በተመረጡ ሰዎች ላይ አስቀድሞ ጥቃት የተፈጸመበትን አንድ ክፍተት ማረሙን አስታወቀ፤ በኖቬምበር በአንድሮይድ የወር መግለጫ ገባ፤ በዲሴምበርም አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ፣ በሰርቢያ ባለ ሥልጣኖች የጋዜጠኞችንና ለመብት የሚከራከሩ ሰዎችን ስልክ እየከፈቱ የስለላ ፕሮግራም እንደ ተከሉባቸው ሲገልጥ፣ የክፍተቱ መገኘት ከዚሁ ምርመራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ።

በዚህ መካከል ሕግም ቃል ኪዳንም መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ጉግል በኦክቶበር 2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በጃንዋሪ 2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት እርማት ቃል ገቡ። ብሪታንያ ከአፕሪል 29፣ 2024 ጀምሮ ስልክ ሠሪ ሁሉ ስልኩ እስከ መቼ እርማት እንደሚያገኝ እንዲገልጥ በሕግ አስገደደች። ኳልኮም በፌብሩዋሪ 2025 በአዲሱ ስናፕድራጎን 8 ኤሊት ለሚሠሩ ስልኮች እስከ ስምንት ዓመት የሚደርስ ዕድሳት የሚቻልበትን መንገድ ከጉግል ጋር አዘጋጀ። የኤውሮፓ ኅብረትም ድንጋጌ ከጁን 20፣ 2025 አንሥቶ፣ አንድ የስልክ ዐይነት ከገበያ ከተነሣ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ዕድሳቱ እንዳይቋረጥ አዘዘ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ አድርጌ የማየው የመጨረሻውን ነው፤ የኩባንያዎቹ ቃል የሚገኘው ውዱን ስልክ ለሚገዛ ሲሆን፣ ሕጉ ግን ርካሹንም ውዱንም አንድ አድርጎ ይጠብቃልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስልክህን አውጣና በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረውን ገጽ ከፍተህ የአንድሮይድ የደኅንነት ዕድሳት ቀኑን ተመልከት፤ ቀኑ ሐሰት ካልሆነ በቀር፣ የወሩ 5ኛ ቀን ቢሆን የዚያ ወር የቺፑ እርማት አብሮ መምጣቱን፣ 1ኛው ቢሆን የዚያው ወር አለመምጣቱን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓመት ካለፈ ደግሞ ስልክህን የሚጠብቅልህ እንደሌለ ዕወቅ። ዘመድ ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የተጠቀመበትን ስልክ ሲልክልህም ይህንኑ ጠይቅ፤ ከሻጭ ዘንድ ስትቆምም ስለ ካሜራው ከመጠየቅህ በፊት እርማቱ እስከ የትኛው ዓመት ይመጣል ብለህ ጠይቅ። ስልክን ወደ አገራችን የምታስገቡና በአገራችን የምትገጣጥሙ፣ የምትቈጣጠሩም ባለ ሥልጣኖች፣ እርማቱ የሚያበቃበት ቀን በየካርቶኑ ላይ በአማርኛ ተጽፎ እንዲሸጥ አድርጉልን።